መጽሐፍ የጻፉት ሴቶች ውኃ ማን ቀዳላቸው?



ባለፈው ተርም በትምህርት ቤታችን የጽሑፍ ክበብ ስንጀምር 23 ልጆች ተመዝግበው ነበር። ከ23ቱ ውስጥ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ተርሙ ሲያልቅ ብቆጥር ከ14ቱ ወንዶች 12ቱ አሉ፤ ከ9ኙ ሴቶች ግን የቀሩት 2 ብቻ ናቸው። እኔም ሴት አስተማሪ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። የቀሩትን ልጆች በየብሎካቸው እየፈለግሁ ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው።

አንዷ የውኃ ሰልፍ ከክበቡ ሰዓት ጋር እንደሚጋጭባት ነገረችኝ። ሌላዋ እናቷ ራሽን ልትቀበል ስትሄድ ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሦስተኛዋ ደግሞ ደብተሯን ወንድሟ አግኝቶ ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ አነበበባት፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ መያዝ አስጠላት። አራተኛዋ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሷ መልስ በመስጠት ፈንታ እኔኑ ጠየቀችኝ፦

"ቲቸር፣ እነዚያ መጽሐፍ የጻፉት ሴቶች ውኃ ማን ይቀዳላቸው ነበር?"

ዝም አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ እያጠናሁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት። በእነዚያ ዓመታት ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ መቼት ብዙ ተምረናል። ስለ ውኃ ግን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ታዲያ የልጅቷ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን መጻሕፍት ማገላበጥ፣ ከሌሎች አስተማሪዎችም መዋስ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው። (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁልፍ ያለው ክፍል

ስለ ሴት ጸሐፊዎች ሲነሳ ሁልጊዜ ቀድማ የምትጠቀሰው እንግሊዛዊቷ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት። በ1928 በኬምብሪጅ ሁለት የሴቶች ኮሌጆች ውስጥ ስለ ሴቶችና ስለ ልብ ወለድ ንግግር አደረገች። ንግግሩ በሚቀጥለው ዓመት በ1929 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። አሳቧ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሴት ልጅ እንድትጽፍ ከተፈለገ በዓመት 500 ፓውንድ የራሷ ገቢና በሩ የሚቆለፍ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል። ሼክስፒር እሱን የምታህል ተሰጥኦ ያላት እህት ብትኖረው ኖሮ ምን ይገጥማት ነበር ብላም ጠይቃለች። ያቺ እህት ትምህርት ቤት አትላክም፣ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ትችላለች፣ አንድም ቃል ሳትጽፍ ትሞታለች።

ይህ ትልቅ አሳብ ነው። ምክንያቱም ሴቶች ያልጻፉት አእምሮ ስለሚያንሳቸው ነው ይባል በነበረበት ጊዜ ጥያቄውን ከአእምሮ ወደ ገንዘብና ወደ ክፍል አወረደችው። ነገር ግን የእኛን ልጅ ጥያቄ ለእሷ ብናቀርብላት መልሱ ምን ይሆናል? ዉልፍ በዘመኑ እንደነበሩት የደህና ኑሮ ቤተሰቦች ሁሉ በቤቷ ምግብ አብሳይ ነበራት። ስለዚህ መልሱ "ሌላ ሴት ትቀዳላት ነበር" የሚል ነው። ያቺ ሌላዋ ሴት ምን ልትጽፍ ትችል እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ እኛ መፈለግ ያለብን ቁልፍ ያለው ክፍል ሳይኖራቸው የጻፉትን ነው። እነሱም አሉ። እንዲያውም ከመካከላቸው የአንዷ ታሪክ የእኛኑ ካምፕ ይመስላል።

የአንድ መንገድ ፈቃድ የያዘች መምህርት

ቤሲ ሄድ በ1937 በደቡብ አፍሪካ፣ ፒተርማሪትዝበርግ በሚባል ከተማ ተወለደች። የተወለደችው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው። እናቷ ነጭ ነበረች፤ አባቷ ጥቁር እንደሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አልታወቀም። በዚያ አገር በ1927 በወጣ ሕግ በነጭና በጥቁር መካከል ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል ነበር። ልጅቷ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠች። በኋላም ደርባን ከተማ ወደሚገኝ የሚሲዮን አዳሪ ቤት ተላከች፤ እናቴ የምትላት ሴት የወለደቻት እንዳልሆነች የተነገራት እዚያ ነው።

ቤሲ መምህርነት ተማረች፣ ጥቂት ዓመታትም አስተማረች። ቀጥሎ ጋዜጠኛ ሆነች፤ አገባች፣ አንድ ወንድ ልጅ ወለደች። ትዳሩ ሲፈርስና የአፓርታይድ አገዛዝ ሲከፋ በ1964 ልጇን ይዛ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ወደነበረችው ቤቹአናላንድ ተሻገረች። በ1966 ነጻ ስትወጣ ቦትስዋና የተባለችው አገር ናት። ቤሲ የያዘችው መውጫ ፈቃድ ብቻ ነው፤ መውጣት እንጂ መመለስ አይፈቅድም። በእኛ ቋንቋ ስደተኛ ሆነች።

የሄደችው ሰሮዌ በሚባል ትልቅ መንደር ልታስተምር ነበር። ሆኖም ሥራዋን ብዙም ሳትቆይ አጣች። ያለ ሥራ፣ ያለ ዜግነት፣ ከትንሽ ልጅ ጋር ቀረች። ለጥቂት ጊዜ በአንድ የእርሻ ልማት ጣቢያ ኖረች፤ ከዚያ ፍራንሲስታውን ከተማ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተቀመጠች፣ ለፖሊስም በየጊዜው መቅረብ ነበረባት። ይህን የማናውቅ ማን አለ?

በዚያ ጊዜ ለአንድ የእንግሊዝ መጽሔት የላከችው አጭር ጽሑፍ ታተመላት። ጽሑፉን ኒውዮርክ ያለ አሳታሚ ቤት አየው፤ ልብ ወለድ ለመጻፍ ብትሞክር ሲል ጠየቃት፤ ለወረቀት መግዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም ላከላት። ወረቀት! ቨርጂኒያ ዉልፍ 500 ፓውንድና ክፍል አለች። ቤሲ የጎደላት ከዚያ በፊት ወረቀቱ ነበር።

መጽሐፉ በ1968 ታተመ። በአማርኛ ስሙን ብንመልሰው "የዝናብ ደመና ሲሰበሰብ" እንደማለት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማካያ የሚባል ወጣት ነው፤ በሌሊት የድንበር አጥር ዘሎ ከደቡብ አፍሪካ ቦትስዋና ይገባል። ብዙ የስደት መጻሕፍት የሚያልቁት ድንበር ላይ ነው፤ የቤሲ ግን ከድንበር ይጀምራል። ስደተኛው ከተሻገረ በኋላ ምን ይሆናል? ከማን ጋር ይኖራል? ምን ይሠራል? መጽሐፉ ስለ ድርቅ፣ ስለ ከብት እልቂት፣ ስለ አጥር፣ ስለ ትምባሆ ተክል፣ በኅብረት ስለሚያርሱ ሴቶች ያወራል። ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው? ከዚያው ከኖረችበት የእርሻ ጣቢያ ነው። የመከራዋ ቦታ የመጽሐፏ ትምህርት ቤት ሆነላት ማለት ነው።

በመጽሐፉ ገንዘብ ሰሮዌ ውስጥ አነስተኛ ቤት ሠራች። ስሙንም በመጽሐፉ ርዕስ "የዝናብ ደመና" አለችው። ቤቱ መብራት አልነበረውም፤ ማታ ማታ በሻማ ነበር የምትጽፈው። ቀን ቀን ደግሞ በመንደሩ የኅብረት ሥራ አትክልት ቦታ ውስጥ ትሠራ ነበር። ልጇን የምታሳድገው ለብቻዋ ነው፤ የቤቷን ሥራ የሚሠራላትም አልነበረም።

ሁሉ ነገር ደህና ሆነላት ብዬ አላታልላችሁም። አእምሮዋ ታመመ፤ በ1971 ሆስፒታል ገባች። ከዚያ ሕመም ወጥታ በ1973 ሕመሙን ራሱን መጽሐፍ አደረገችው። ዜግነት ጠየቀች፣ ተከለከለች። በመጨረሻ የተሰጣት በ1979 ነው፤ ድንበር ከተሻገረች ከ15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1986 ስታርፍ ዕድሜዋ 48 ነበር። ዛሬ ደብዳቤዎቿና ወረቀቶቿ እዚያው ሰሮዌ፣ በከማ ሳልሳዊ መታሰቢያ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በስደተኛነት የተቀበለቻት መንደር ቅርሷ አድርጋ ትጠብቃታለች።

አስተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ መጽሐፍ አላት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞረች የሰሮዌን ሰዎች አናገረች፤ ሽማግሌዎችን፣ አስተማሪዎችን፣ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን። የሰበሰበችው በ1981 የመንደሩ ታሪክ ሆኖ ታተመ። ስደተኛዋ የባለአገሮቹን ታሪክ ጻፈች። ይህ ሥራ የጠየቀው ደብተር፣ እግርና ጆሮ ነው። እኛ ጋ ሦስቱም አሉ።

የተቃጠለው ረቂቅ

ቡቺ ኤሜቼታ በ1944 በናይጄሪያ፣ ሌጎስ ተወለደች። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ሞተ። ጎበዝ ስለነበረች ስኮላርሺፕ አግኝታ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባች፤ በ16 ዓመቷ ግን አገባች። በ1962 ባሏን ተከትላ ለንደን ሄደች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አምስት ልጆች ወለደች።

የቤቱን ወጪ የምትሸፍነው በአብዛኛው እሷ ነበረች፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራ ነበር። በትርፍ ጊዜዋ ልብ ወለድ ጻፈች። የመጀመሪያ ረቂቋን ሲያገኘው ባሏ አቃጠለው። ኮፒ የለ፣ ሌላ ቅጂ የለ። በ22 ዓመቷ ልጆቿን ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች። 1966 ነበር።

ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፤ ሶሲዮሎጂ እያጠናች ነበር። መጻፊያ ጊዜዋ ልጆቹ ሳይነቁ በፊት ያለው ንጋት ነው። የጻፈችው ደግሞ ስለ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ድሆች በሚኖሩበት የመንግሥት ቤት ውስጥ ብቻዋን ልጅ ስለምታሳድግ ጥቁር ሴት ነው። ጽሑፏ መጀመሪያ በመጽሔት በክፍል በክፍል ወጣ፤ በ1972 መጽሐፍ ሆነ። በ1974 ሁለተኛው ተከተለ። በዚህኛው ውስጥ ረቂቅ የተቃጠለባት ሴት አለች፤ የቡቺ የራሷ ታሪክ ነው። መታሰቢያነቱን ለአምስት ልጆቿ ሰጠች፤ ጫጫታቸውን ሳይቀር አመስግናለች። በ1976 ደግሞ ያንን የተቃጠለውን መጽሐፍ እንደገና ጻፈችና አሳተመች። በ1979 የወጣውና ስለ እናትነት የሚናገረው ልብ ወለዷ ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በ2017 ለንደን ውስጥ አረፈች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ካምፕ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ደብተር ሙሉ ታሪክ ነበረኝ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከሰሉ ረጥቦ አልቀጣጠል አለኝ፤ ልጄ ገንፎ ይፈልጋል፣ ሌላ ወረቀት ቤት ውስጥ የለም። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ፤ በነጋታው ሌላ። ወሩ ሳያልቅ ደብተሩ አለቀ። እኔን ማንም አላስገደደኝም፣ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ቡቺ በ1976 እንደገና ጻፈችው የሚለውን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቆየሁ።

አራት ወር ከአሥር ቀን

ማሪያማ ባ በ1929 በሴኔጋል ተወለደች። አስተማሪ ነበረች፤ ጤናዋ ሲታወክ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ሆነች። ዘጠኝ ልጆች አሳድጋለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በፈረንሳይኛ ሲታተም 1979 ነበር፤ እሷ 50 ዓመቷ ነው። መጽሐፉ ባሏ የሞተባት አንዲት መምህርት በሐዘን ቤት ተቀምጣ ለጓደኛዋ የምትጽፈው ረጅም ደብዳቤ ነው። በእስልምና ሥርዓት ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ትቆያለች፤ ገጸ ባሕርይዋ የምትጽፈው በዚያ የሐዘን ጊዜ ነው። ባሏ በላይዋ ላይ የልጇን ጓደኛ አግብቶባት ነበርና ብዙ የምትለው አላት።

በ1980 መጽሐፉ የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አገኘ፤ በአፍሪካ ለታተሙ መጻሕፍት ይሰጥ የነበረ ሽልማት ነው። ማሪያማ ባ በሚቀጥለው ዓመት ሞተች፤ ሁለተኛ መጽሐፏ ሲወጣ አላየችውም።

ከዚህ የምንማረው ስለ ቅርጽ ነው። ተማሪዎቼ "ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም" ይሉኛል። ደብዳቤ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ለምታውቂው ሰው፣ በልብሽ ያለውን። ካምፕ ውስጥ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ደብዳቤ ያልጻፈ ወይም ያላስጻፈ ማን አለ? ማሪያማ ባ ያንን የለመድነውን ነገር ወስዳ መጽሐፍ አደረገችው።

በር ላይ የቆሙት

ጽፎ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ አሳታሚ ማግኘት ሌላ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ የተወለደችው ግሬስ ኦጎት ነርስ ነበረች፤ በኡጋንዳና በእንግሊዝ ተምራለች፣ በቢቢሲም ሠርታለች። ተረት የሰማችው ከአያቷ ነው፤ አባቷ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያነብላት ነበር። በ1962 በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ሲሰበሰቡ ታሪኳን አነበበች። ራሷ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረችው ታሪኮቿን መጀመሪያ ይዛ ስትሄድ የማሳተሚያው ኃላፊ አልተቀበላትም፤ አንዲት ክርስቲያን ሴት ስለ መሥዋዕትና ስለ ባህል መድኃኒት እንዴት ትጽፋለች ብሎ ግራ ተጋባ።

እሷ ግን የአያቷን ተረት አልተወችም። በ1966 የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ናይሮቢ ታተመ። ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፣ የተሻለ መሬት ፍለጋ ስለተሰደዱ ባልና ሚስት የሚናገር ነው። ኋላም በእናት ቋንቋዋ በሉኦ ጻፈች፤ የፓርላማ አባልና ረዳት ሚኒስትርም ሆነች። በ2015 አረፈች።

በዚያው በ1966 የናይጄሪያዊቷ የፍሎራ ንዋፓ ልብ ወለድ ለንደን ታተመ። ረቂቁን ያሳየችው ለቺኑዋ አቼቤ ነው፤ እሱም ወደደውና ለአሳታሚው እንድትልከው የፖስታ ገንዘብ ጭምር ሰጣት። የኋላ ኋላ ፍሎራ ራሷ ማተሚያ ድርጅት አቋቋመች። በር ላይ ቆማ የነበረችው ሴት በሩን ለሌሎች የምትከፍት ሆነች።

1966ን ልብ አድርጉት። በዚያ አንድ ዓመት ግሬስና ፍሎራ መጽሐፋቸው ታተመ፤ ቡቺ ልጆቿን ይዛ ከቤት ወጣች፤ ቤሲ በስደት ኑሮ ውስጥ ነበረች። ቀኑ ሲያልፍ ማንኛዋ ታሪክ እየሠራች እንደነበረ ከውጭ ላየ ሰው አይታወቅም ነበር።

ኬንያ ውስጥ የተማራችሁ የማርጋሬት ኦጎላን ስም ታውቁታላችሁ። የሕፃናት ሐኪም ነበረች። በ1994 የታተመው ልብ ወለዷ የአንድ ቤተሰብ ሴቶችን ታሪክ ከትውልድ ትውልድ ይከተላል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና መጽሐፍ ሆኖም ለዓመታት ተነቧል። በ2011 አረፈች።

በአማርኛስ?

እኛ ጋ የሴት ጸሐፊ ታሪክ ሲነሳ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም ይቀድማል። በ1916 የተወለዱት ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ። ጣልያን ሲወር ከአርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተይዘውም አሲናራ በምትባል የጣልያን ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር፤ ተማሪዎቹ ይጫወቱታል። በ1942 ዓ.ም. "የልቤ መጽሐፍ" የተባለው ሥራቸው ታተመ። በ1957 ደግሞ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ያረፉት በ2009 ነው። እንግዲህ እዩት፤ የመጀመሪያ አንባቢዎቻቸው የክፍላቸው ልጆች ነበሩ። አሳታሚ ሳይጠብቁ በተማሪዎቻቸው አፍ አስነገሩት።

ሌላዋ ገጣሚና ሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ናት። በደርግ ዘመን ከአገር ስትሸሽ በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወደቀች፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሶማሊያ የእስረኞች ካምፕ ኖረች። ግጥም ግን አልተወችም። ከተፈታች በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ "የት ነው?" የተባለ የግጥም መድበል አሳትማለች። የዚህን ርዕስ ጥያቄ ለካምፕ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

በልጅነቷ ከአገር የወጣችው መዓዛ መንግስቴም አለች። በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው። በ2019 የወጣው ልብ ወለዷ ጣልያንን ስለተዋጉ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ነው፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ዕጩዎች አንዱ ነበር።

እና ውኃውን ማን ቀዳው?

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ለልጅቷ የምላት መልስ ሁለት ሆነ።

አንደኛው፦ ለአንዳንዶቹ ሌላ ሴት ቀዳችላቸው። ይህን መደበቅ ውሸት ነው። ለዚህም ነው የቤት ሥራ በእህትና በወንድም መካከል እኩል ካልተከፈለ የጽሑፍ ክበባችን ሁልጊዜ የወንዶች ክበብ ሆኖ የሚቀረው። ወላጆች ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ሰው ካለ አደራ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጄሪካኑን ወንድም ይያዘው።

ሁለተኛው፦ ሌሎቹ እየሠሩ ጻፉ። ስለ ጀግንነት እያወራሁ አይደለም፤ ቢደላቸው ኖሮ የበለጠ ይጽፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደቻሉ ሲታይ ተመሳሳይ ነገር አለው። ሁሉም ከቀኑ ውስጥ ማንም የማይፈልገውን ሰዓት አግኝተዋል፤ አንዷ ንጋትን፣ አንዷ የሻማን ሰዓት። ሁሉም የጻፉት ከቅርባቸው ነው፤ ከእርሻው፣ ከሐዘን ቤቱ፣ ከአያት ተረት። እያንዳንዳቸውም ቢያንስ አንድ አንባቢ ነበራቸው፤ ወረቀት የላከ አሳታሚ፣ የፖስታ ገንዘብ የሰጠ ጸሐፊ፣ ቴአትሩን የተጫወቱ ተማሪዎች። እኛ አስተማሪዎች 500 ፓውንድ መስጠት አንችልም። ያ አንድ አንባቢ መሆን ግን እንችላለን።

ስለዚህ በዚህ ተርም ሦስት ነገር አድርገናል። የክበቡን ሰዓት ከውኃ ሰልፍ ሰዓት አውጥተን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደረግነው። ታናናሾቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ልጆች ከኋላ ምንጣፍ አለ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ከአሮጌ ጠረጴዛ እንጨት የተሠራ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለን። ማንም ልጅ ደብተሩን እዚያ ማስቀመጥ ይችላል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እኔም ጭምር አላነብም። ቁልፍ ያለው ክፍል ባይኖረን ቁልፍ ያለው ሣጥን አለን።

ይህን ሁሉ ለዚያች የ8ኛ ክፍል ልጅ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ ቤሲ ሻማና ስለ ቡቺ ንጋት ስነግራት ግን ሳቀች።

"እኔ እኮ ሰዓት አለኝ ቲቸር" አለች። "ሰልፉ ላይ ሁለት ሰዓት ጄሪካኔ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው። ደብተር ይዞ መምጣት ያስቃል ብዬ ነው እንጂ።"

ባለፈው ማክሰኞ በውኃው ነጥብ ሳልፍ አየኋት። ጄሪካኗ ላይ ተቀምጣለች፣ ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጄሪካኗን በእግሯ ትገፋለች፣ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ልታይ ስትሞክር ደብተሩን በክንዷ ሸፈነችው። ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኳትም። ሲደርስ ታሳየኛለች።

እኔም አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። ሦስት ገጽ ሞልቷል። ሣጥኑ ውስጥ ከልጆቹ ደብተሮች ጋር ነው የማስቀምጠው፤ ከሰሉ አጠገብ አይደለም።

ክበቡ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ነው። ወንዶችም ሴቶችም፣ አስተማሪዎችም ኑ። ቸር እንሰንብት።